ስለ መንዝ ባና የራሴን ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው፤ ሐሳባችሁን እፈልጋለሁ

እንዝርት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ባና ስል ከበግ ጸጉር የሚሸመነውን የብርድ ልብስ ነው። ተወልጄ ያደግኩት መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው፤ ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ደረሰኝ ስደምር እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርቦ ቁጭ ማለት ነው። ስልክ ስነካካ ሦስት ሰዓት ያልፋል። ምን እንዳየሁ ብትጠይቁኝ ግን አላስታውስም።

ለገና አገር ቤት ገብቼ ነበር። አያቴ በር ላይ ፀሐይ እየሞቀች የበግ ጸጉር ትፈትላለች። ልጅ ሆኜ በየቀኑ ያየሁት ነገር ነው። ያን ቀን ግን እንዝርቱ ሲሾር ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳኋት። የዕቃዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠየቅኳት። ጸጉሩ በደጋን ሲነደፍ፣ ፈትሉ ሲቀጥን፣ ልቃቂቱ ሲወፍር፣ ሁሉንም አየሁ። በእኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ስለዚህ ልቃቂቱን ይዤ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። እሱም ድሩን ወጥሮ፣ ማጉን በመወርወሪያ እያሳለፈ አሳየኝ። «ድረ ገጽ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ውስጡ ያለው ድር ይሄው የአጎቴ ድር መሆኑ የገባኝ ግን ያኔ ነው።

ፎቶዎቹን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፍኳቸው። ሰው ወደደው። በሦስተኛው ቀን ግን ወደ ላይ እየጎተትኩ ስፈልጋቸው ራሴም አጣኋቸው። ከሥራቸው የዕቃ ሽያጭ፣ የመልካም በዓል ምኞት፣ የጠፋ መታወቂያ ተደርድሮባቸዋል። ያኔ ነው የራሴ ቦታ ይኑረኝ ብዬ የተነሳሁት።

ሦስት ወር ሆነኝ። ኮድ ተምሬ አላውቅም። በስልኬ ላይ ኤኮድ የሚባል መጻፊያ ጭኜ የድረ ገጽ መጻፊያዎቹን ኤችቲኤምኤልና ሲኤስኤስ በራሴ እየተማርኩ ነው። እስካሁን አምስት ገጽ አለኝ፦ ጸጉሩ፣ ፈትሉ፣ ሽመናው፣ ባናና ዝተት፣ ከዚያ የቃላት ገጽ። ቀለሞቹን ከበጎቹ ነው የወሰድኩት። መደቡ ነጭ በግ፣ ጽሑፉ ጥቁር በግ፣ ርእሱ ቡናማ፣ መስመሮቹ ዳለቻ። ለዳለቻው ትክክለኛውን ቀለም ለማግኘት ብቻ ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ያመሸሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። የአማርኛው ጽሑፍ ተጣብቆ ያስቀይማል፤ ምን ላድርግ? ፎቶዎቹ ቶሎ አይከፍቱም። ሌላው ደግሞ አያቴ እንደተናገረችው ልጻፈው ወይስ በመጽሐፍ አማርኛ ላስተካክለው?

---

ደጋው_ሰው | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ ሥራሽ ልብ ይነካል። ግን በቅንነት ልንገርሽ፤ ዛሬ ሰው ድረ ገጽ አይከፍትም። ቲክቶክ ላይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ብታደርጊው አያትሽን አገር ሁሉ ያያቸው ነበር። ባና የሚገዛም ሊገኝ ይችላል። ሦስት ወር ደክመሽ አሥር ሰው ካየው አያሳዝንም? እኔ ብሆን ጊዜዬን እዚያ ላይ አላጠፋም።

---

እንዝርት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ወንድሜ፣ ስለ ቅንነትህ አመሰግናለሁ። ሰው እንዲያየው አልፈልግም አልልም። ግን አሥር ሰው ቢያየው አላዝንም። ቪዲዮ ስሠራ ሐሳቤ ሁሉ ሰዉ መጀመሪያ ሦስት ሰከንድ ላይ እንዳይሄድብኝ ነው። ይሄን ስሠራ ግን የማስበው ስለ ፈትሉ ነው። የትኛው ፎቶ ከየትኛው ቃል ጎን ይቀመጥ? የአያቴ እጅ ከላይ ይሁን ከታች? ይህን የምወስነው እኔ ነኝ። ቀን የምሠራው ሥራ ላይ እኔ የምወስነው አንዲት ነገር የለም። ለዚህ ነው ማታ ማታ እዚያ የምሄደው።

---

ቆፈን | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

እኔም ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ጥያቄዎችሽ ጥሩ ስለሆኑ ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ ለደጋው ሰው። ድር እኮ የተጀመረው እንዲህ ነው። ቲም በርነርስ ሊ ሰርን በሚባለው፣ ስዊዘርላንድ ባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ሲሠራ በ1989 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን አቀረበ፤ በ1991 የመጀመሪያው ድረ ገጽ ለሕዝብ ተከፈተ። ፎቶ የለውም፣ ጽሑፍና አገናኝ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ይከፈታል። ሚያዝያ 30፣ 1993 እ.ኤ.አ. ሰርን ቴክኖሎጂውን ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። አንቺ ደብረ ብርሃን ላይ ስልክሽን ይዘሽ ማንንም ሳታስፈቅጂ ገጽ መጻፍ የቻልሽው በዚያ ውሳኔ ነው። ከዚያ በኋላ ጂኦሲቲስ መጣ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ተራ ሰው ስለ ድመቱ፣ ስለ መንደሩ፣ ስለሚወደው ዘፋኝ የራሱን ገጽ ሠራ። በ2009 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በ2013 እ.ኤ.አ. ኒዎሲቲስ ያንን መንፈስ ይዞ ተነሳ፤ ለገጽ ማስቀመጫ 1 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣል። ዛሬም ሰው እዚያ የሚሠራው ለሥራው ፍቅር ብሎ ነው። ብቻሽን አይደለሽም ለማለት ነው።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ። የተጣበቀብሽ የመስመር ርቀቱ ለእንግሊዝኛ የተለካ ስለሆነ ነው። ፊደላችን ቁመቱ ሙሉ ነው፤ እግሩም ራሱም ቦታ ይፈልጋል። የመስመር ርቀቱን 1.7 አድርጊው፤ የፊደሉን መጠን ከ18 ፒክስል አታሳንሺ። ፎንቱን ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አድርጊ፤ ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። ከሁሉ በፊት ገጹ አናት ላይ ቻርሴቱ (ፊደል በኮምፒውተር የሚመዘገብበት ኮድ) ዩቲኤፍ-8 መሆኑን፣ ቋንቋውም አማርኛ መሆኑን ጻፊ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የወጣው የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ካለሽ ድረ ገጽ ላይ ስትለጥፊው የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል። እንደሱ ያለውን እንደገና መተየብ ወይም በመቀየሪያ መለወጥ ነው።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ያጋደለ ጽሑፍ አትጠቀሚ። አማርኛ ያጋደለ ፊደል የለውም፤ ብራውዘሩ በግድ ያዘነብለዋል፣ ያስቀይማል። አንድ ቃል ጎልቶ እንዲታይ ከፈለግሽ የብራና ጸሐፊዎቻችን ያደረጉትን አድርጊ፤ በቀይ ቀለም ጻፊው። እነሱ የቅዱሳንን ስም በቀይ ይጽፉ ነበር። ከበጎችሽ ቀለም ጋር ቀዩ በጣም ያምራል።

ፎቶዎቹስ ስንት ኪሎባይት ናቸው? ከስልክ የወጣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። አሳንሺው። ስፋቱን 1200 ፒክስል፣ ጥራቱን 75 በመቶ ብታደርጊው ብዙውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት አይበልጥም፤ በስልክ ለሚያየው ሰው ልዩነቱ አይታይም። አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 የሚይዘው 3 ባይት ብቻ ነው። 2000 ፊደል ያለው ገጽ 6 ኪሎባይት ነው ማለት ነው። አንድ ያልተነካ ፎቶ ከዚያ ከ600 እጥፍ በላይ ይከብዳል። በሞባይል ዳታ የሚከፍትልሽ የመሐል ሜዳ ሰው ይህን ከኪሱ ነው የሚከፍለው።

---

የይፋት_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ከሸዋ ሮቢት ሰላምታ። እናንተ ስለ ብርድ ስታወሩ እኛ እዚህ በሙቀት አልቀናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ ፎቶ ሲያነሳ ቦታውን አብሮ ሊመዘግብ ይችላል። የአያትሽን ቤት ፎቶ ከመለጠፍሽ በፊት ያንን መረጃ አጥፊው። ቅንብሩ ውስጥ የካሜራውን የቦታ ፈቃድ መዝጋት ይቻላል፤ ቀደም ብለሽ ያነሳሻቸው ላይ ግን መረጃው እንዳለ ነው። ደግሞ አያትሽ ፎቶአቸው ዓለም የሚያየው ቦታ እንደሚወጣ ያውቃሉ? በደንብ ተነግሯቸዋል?

---

እንዝርት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ጥያቄሽ ቀኑን ሙሉ ሲያሳስበኝ ዋለ። ለአያቴ «ኢንተርኔት ላይ ላወጣው ነው» ብያት ነበር፤ እሷም «አውጪው» አለችኝ። ግን ምን እንደገባት እርግጠኛ አልነበርኩም። ዛሬ ደወልኩላት። «አያ፣ የማታውቂው ሰው ሁሉ ያይሻል» አልኳት። ዝም አለችና «እጄን ይዩት፣ ፊቴን ግን ተይው» አለችኝ። ስለዚህ ፊቷ ያለባቸውን አራት ፎቶዎች ከገጹ ሰረዝኳቸው። የቀሩት የእጆቿ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ገጹ እንዲያውም አማረ። ጣቶቿና ፈትሉ ብቻ ቀሩ።

ቆፈን፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። መስመሩን 1.7 አደረግኩት፤ ወዲያው ተነፈሰ። ፎቶዎቹ ሁሉም ተደምረው 31 ሜጋባይት ነበሩ። አሁን ከ2 ሜጋባይት በታች ናቸው።

---

መንዜው_ከሩቅ | ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 9፡10

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ። አገሬ መንዝ ነው። ከወጣሁ 31 ዓመቴ ነው። የጻፍሽውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው፤ እዚህ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት።

ስለ ቋንቋው ልንገርሽ። እባክሽ አያትሽ እንዳሉት ጻፊው። የመጽሐፍ አማርኛማ ሞልቷል፤ መዝገበ ቃላት ውስጥም አለ። የእናቴን አነጋገር ግን የትም አላገኘውም። እናቴ ባና ስታጥፍ የምትለው ነገር ነበራት። እኔ ረስቼዋለሁ። ሙሉ ሌሊት አስቤ አልመጣልኝም። አንቺ እንዳትረሺው።

ሌላው፣ ከቻልሽ ድምፃቸውንም አስገቢበት። ፎቶ አለኝ፤ የእናቴ ድምፅ ግን የለኝም።

ዝናብ የነካው ባና እንዴት እንደሚሸት የምታውቁ አላችሁ? እኔ ከዚህ አገር ሆኜ እንኳ በአፍንጫዬ አለ።

---

እንዝርት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። መልእክትዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንዳሉኝ አደርጋለሁ። አያቴ እንደተናገረችው እጽፈዋለሁ፤ ለከተማ ልጅ የማይገባው ቃል ካለ ትርጉሙን ከሥሩ በትንሽ ፊደል አደርጋለሁ። ባና ሲታጠፍ የሚባለውንም ቅዳሜ እጠይቃታለሁ። ምናልባት የእናትዎ ይሆናል።

ድምፁን እንዴት ነው የማስገባው?

---

ቆፈን | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡45

የሰው ንግግር ብቻ ከሆነ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይበቃዋል። አንድ ደቂቃ 480 ኪሎባይት ይሆናል። ገጹ ሲከፈት ድምፁ በራሱ እንዲወርድ አታድርጊ፤ ሰው ሲነካው ብቻ ይጀምር። የኒዎሲቲስ ነፃ አካውንት የድምፅ ፋይል አይቀበልም። ጊትሃብ ፔጅስ የሚባለው ሌላው የገጽ ማስቀመጫ ግን ይቀበላል፤ እሱም ነፃ ነው። የዶት ኮም አድራሻ ለጊዜው ይቅርብሽ። በየዓመቱ በውጭ ምንዛሪ ይከፈልበታል፤ ሳይታደስ ከቀረ ደግሞ አድራሻውን ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። ነፃው ይበቃሻል።

ፋይሎቹን ስትሰይሚ በአማርኛ አትሰይሚያቸው። ሰው ሊንኩን ኮፒ ሲያደርግ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ወደተሞላ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል። «ባና» የሚለው ሁለት ፊደል ብቻውን 18 ምልክት ይሆናል፤ በቴሌግራም ሲላክ የተበላሸ ሊንክ ይመስላል። የፋይሉን ስም በላቲን አጭር አድርጊው፣ ርእሱን በአማርኛ።

የሁሉንም ኮፒ ፍላሽ ላይ አስቀምጪ። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገጾችን የሚያስቀምጥ ቤተ መዛግብት አለ፤ አድራሻሽን እዚያ ብታስገቢው ኮፒ ይይዝልሻል። ጂኦሲቲስ ሲዘጋ ብዙ ሰው የሠራውን ያጣው ሌላ ኮፒ ስላልነበረው ነው።

---

ደጋው_ሰው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡00

የጋሼን መልእክት ካነበብኩ በኋላ ሰኞ የጻፍኩትን መልሼ አሰብኩበት። አሥር ሰው ያልኩት ቁጥሩን ብቻ አይቼ ነው። አንዱ እሳቸው ከሆኑ ሌላ ነገር ነው።

የማውቀውን ልርዳ። ሰው ፈልጎ እንዲያገኝሽ የቦታና የዕቃ ስም አጻጻፍ ላይ ተጠንቀቂ። «መሐል ሜዳ»ን አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በሃሌታው ሀ፣ አንዱ በራብዑ ሃ ይጽፈዋል። «ጸጉር» ደግሞ በጸሎቱ ጸም በፀሐዩ ፀም ይጻፋል። መፈለጊያው ሁልጊዜ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። አንቺ አንዱን መርጠሽ ገጹን በሙሉ በእሱ ጻፊ። ከሥር «እንዲህም ይጻፋል» ብለሽ ሌሎቹን አስቀምጪ። ደግሞ «ሱፍ» ብቻ ብለሽ አትጻፊ፤ ለምግብ የሚሆነውን ሱፍ የሚፈልግ ሰው ነው የሚመጣብሽ። «የበግ ጸጉር» ማለትሽ ትክክል ነው።

---

እንዝርት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡20

ይህን በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር! አሁኑኑ ወደ ቃላት ገጹ እየሄድኩ ነው።

---

የገደሉ_ወፍ | ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡30

ጽሑፋችሁን ከሰኞ ጀምሮ እያነበብኩ ነው። እኔ አንኮበር ነኝ። ወፍ እወዳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁትን ወፍ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ አሁን አራት ደብተር ሞልቷል። ለማንም አሳይቼ አላውቅም።

የአንኮበርን ስም የያዘች ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። ለሳይንስ የታወቀችው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ገደሉ ጫፍ ላይ በትንሽ መንጋ ትሄዳለች። ሣሩ ውስጥ ስትለቅም ካላስተዋልካት ድንጋይ ነው የምትመስለው። ፈረንጅ እሷን ብሎ ከስንት አገር ይመጣል፤ እኛ ሰፈር ግን ስሟን የሚያውቅ ልጅ ጥቂት ነው። ለእያንዳንዷ ወፍ አንድ ገጽ ብሠራ ብዬ አሰብኩ። ስልኬ ግን አሮጌ ነው፤ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ይቻለኛል?

---

ቆፈን | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡15

ይቻልሃል። ገጹን ስትጽፍ ኢንተርኔት አያስፈልግህም። ፋይሉ ስልክህ ላይ ነው ያለው፤ በብራውዘር ከፍተህ እንዴት እንደወጣ ታየዋለህ። ኔትወርክ የምትፈልገው ወደ ላይ ስትጭነው ብቻ ነው፤ ያንን ሌሊት ወይም ጠዋት በማለዳ አድርገው።

አንድ ምክር ልስጥህ። አራቱን ደብተር በአንድ ጊዜ ለመጫን አትነሳ፤ በመንገድ ላይ ትሰለቻለህ። አንድ ወፍ ብቻ ያዝ። አንድ ፎቶ፣ ያየህበት ቀንና ሰዓት፣ ምን ስታደርግ እንደነበረ። ያንን ካወጣህ በኋላ ሁለተኛዋን።

---

መንዜው_ከሩቅ | ዓርብ፣ ከሌሊቱ 10፡00

ልጆች፣ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚያው መንዝ ያለውን የጓሳን ሣር አባቶቻችን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሳቸው ሕግ ጠብቀውታል። ይዘጉታል፤ ዓመታት አልፎ ሣሩ ሲደርስ ከፍተው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ ያጭዱታል። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ እዚያ ያለው ለዚህ ነው። ስለ ጓሳም አንድ ገጽ የሚጽፍ ይኑር። እኔ የማስታውሰውን እሰጣለሁ፤ ጽሑፍ ግን አልችልበትም፣ በድምፅ ነው የምልከው።

---

እንዝርት | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡00

ጋሼ፣ ይላኩልኝ። እኔ እተይበዋለሁ። ገጹ ላይ በምን ስም እንደምጠራዎት ግን ይንገሩኝ።

ነገ ጠዋት ወደ መሐል ሜዳ እነሳለሁ። ጣርማበር ላይ ጉሙ ካልያዘን ከሰዓት እደርሳለሁ።

---

እንዝርት | እሑድ፣ ከምሽቱ 4፡30

ተመልሻለሁ። 11 ደቂቃ ድምፅ ቀድቻለሁ። ከዚያ ውስጥ 3 ደቂቃውን ብቻ ነው የማስገባው። በቀረው ስለ ጎረቤት ሰዎች ታወራለች፤ እሱ የቤት ነው።

ጋሼ፣ ባና ሲታጠፍ የሚባለውን ጠየቅኳት። «ለብርድ ቀን አይጣህ» ነው የምትለው። የእናትዎ ይሄ ነበር?

አጎቴ ገጹን በስልኬ አየው። የሽመናውን ገጽ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገና ጣቱን አንድ ፎቶ ላይ አሳረፈ። «እዚህ ጋ ድሩ ላልቷል» አለኝ። የእኔን ሥራ ሳይሆን የራሱን ነው ያየው። ፎቶውን ልቀይርልህ ወይ ብለው «ተይው፣ ከሥሩ ላልቷል ብለሽ ጻፊበት፤ የሚማርበት ይማርበታል» አለ። ጽፌዋለሁ፤ በቀይ።

---

መንዜው_ከሩቅ | ሰኞ፣ ከሌሊቱ 9፡40

አይደለም ልጄ፣ የእናቴ ሌላ ነበር። ግን ያንቺን ሳነብ የእሷ መነሻው መጣልኝ። «ሙቀትህ» ብላ ነበር የምትጀምረው። የቀረው ገና ነው። ሲመጣልኝ እጽፍልሻለሁ።

---

የገደሉ_ወፍ | ሰኞ፣ ከቀኑ 11፡50

የመጀመሪያዋ ገጼ ወጣች። አንድ ወፍ፣ አንድ ፎቶ፣ ስድስት መስመር። ፎቶው ትንሽ ደብዝዟል፤ ነፋስ ነበር። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነው የጫንኩት፤ በአራተኛው ሙከራ ገባ። ጠዋት እንደተነሳሁ ከፍቼ አየኋት። ከትምህርት ቤት ለሚመለሱት የሰፈር ልጆችም አሳየኋቸው። አንዱ «ይቺን እኮ በእኛ ማሳ በላይ አውቃታለሁ» አለኝ። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።

---

እንዝርት | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

አየኋት። ቶሎ ነው የከፈተልኝ። መደቡን የሣሩን ቀለም ማድረግህ በጣም ደስ ብሎኛል።

ገጼ ግርጌ ላይ «ጎረቤት» ብዬ የሌሎች ገጾች አገናኝ የሚቀመጥበት አንድ መስመር ከፍቻለሁ። የመጀመሪያው ስም ያንተ ነው። አንተም ከፈለግክ ወደ እኔ መልሰው። ሁለተኛዋን ወፍ ስታወጣ እዚህ ንገረን።